ጀልባዋን ከመመዘንህ በፊት ሊብሬዋን ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ባሕር ዳር ሆናችሁ ሁለት ያገለገሉ ኦፕቲሚስት የሚባሉ የልጆች የሸራ ጀልባዎች በስጦታ አግኝታችኋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጆቹን ጅቡቲ ለውድድር ልትወስዱ ነው። እዚያ ከውድድሩ በፊት የጀልባ ፍተሻ አለ ተብላችኋል። «እዚሁ ራሳችን ቀድመን ምን ምን እንይ?» ነው ያልከው። ቀድመው የመለሱልህ ሰዎች «የክላሱን ሕግ አንብብ» ብለው አልፈዋል፤ የጀልባ ዓይነቷን ሕግ ማለታቸው ነው። እሱንማ ታነበዋለህ። እኔ የምነግርህ ሳነበው ያልገባኝን፣ ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ የገባኝን ነው።

ስለ ጀልባዋ አላብራራልህም። ክላርክ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ለልጆች ብሎ የነደፋት፣ ከ2 ሜትር ትንሽ የምትበልጥ ሳጥን ናት። ታንኳ ሠሪዎቻችን ሲያዩዋት ይስቁባታል። አንድ ነገር ብቻ ያዝ። ሁሉም ልጅ እኩል ጀልባ ላይ ይቀመጥ፣ የሚለያዩት በችሎታ ይሁን ነው ነገሩ። ስለዚህ ፈታሾቹ ግራም ሲቆጥሩብህ ክፋት አይምሰልህ። እኔ ክፋት መስሎኝ ተጣልቼ ነበር።

በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን። እያንዳንዷ ኦፕቲሚስት የምዝገባ ደብተር አላት። ቀፎዋ (ባዶው የጀልባዋ አካል) ላይም ቁጥር ያለው ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፏል። ደብተሩና ሰሌዳው መናበብ አለባቸው። የእናንተ በስጦታ ስለመጣ ደብተሩ የላችሁም፤ አልጠራጠርም። ሰው ጀልባ ሲሰጥ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ዛሬውኑ ለሰጧችሁ ሰዎች ጻፍ። የሰሌዳውን ፎቶ አንስተህ «ደብተሩን ፈልጉልን፣ ባይሆን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን» በላቸው።

እኛ ልጆች ይዘን ጅቡቲ ለውድድር ስንሄድ ይህን አላደረግንም። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጀልባዎቹን ከአገር አውጥተን መልሰን ለማስገባት ፈቃድ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ አሁንም ጉዳይ አለኝ። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ሻዩን ፉት እያለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

«ጀልባ ነው?» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ሊብሬው የታለ?»

የልጆች ጀልባ መሆኗን፣ ሞተር እንደሌላት፣ በነፋስ እንደምትሄድ አስረዳሁት። «በነፋስም ትሂድ በጸሎት፣ ሊብሬ የሌለው ነገር በዚህ መስኮት አያልፍም» አለና መስኮቱን ዘጋው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። አራት ቀን አመላለሰኝ። በአራተኛው ቀን ሸራዎቹን «ድንኳን፣ ብዛት 3»፣ ጀልባዎቹን «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ጽፎ አሳለፈን። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ግን ሰውዬው ሳያውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። ጅቡቲ ስንደርስ ለኪዋ፣ ጀልባዎቹን የምትፈትሸው ሴት፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያንኑ ነው።

2. ሚዛን። ያከሰረኝ እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለህ አንብበኝ።

የኦፕቲሚስት ቀፎ ደረቅ ሆኖ ከ35 ኪሎ ማነስ የለበትም። ምሰሶው፣ ሸራው፣ መሪውና ውሃ ውስጥ የምትወርደው ሳንቃ አይቆጠሩም። መክበድ ትችላለች፤ የከበደች ግን ትዘገያለች። ስለዚህ ሁሉም ሰው 35 ላይ ልክክ ማለት ይፈልጋል። እኛም ፈለግን።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ጀልባዎቹ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ተኝተዋል። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቀዋለህ። አንድ እህል ነጋዴ ወዳጄ ጤፍ የሚመዝንበትን ሚዛን አዋሰን። ሰቅለን መዘንን፤ ሦስተኛዋ ጀልባ 37 ኪሎ ተኩል መጣች። ሁለት ኪሎ ተኩል ትርፍ! በደስታ ዘለልን፤ የምንቀንሰው ነገር አገኘንና።

መቀመጫዋ ሥር ሁለት ጠፍጣፋ እርሳሶች በብሎን ታስረዋል። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንዱ «ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ነው» አለ። ሌላው «የድሮ ባለቤቶቿ የረሱት ነው» አለ። እኔ ቧንቧና የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ ብሎን ሳይ እጄን ይበላኛል። ፈታሁት። ሁለቱ አንድ ላይ ኪሎ ተኩል ናቸው። ጀልባዋ 36 ሆነች። የእህቴ ልጅ ነው የሚወዳደርባት፤ «ጋሼ፣ አሁን ትበራለች» አለኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

እርሳሱን ምን እንዳደረግነው ልንገርህ? ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጠነው፤ ለመረብ ማስመጫ። ይኸው እስከ ዛሬ ጣና ውስጥ ቆሮሶ ያጠምዳል።

ኅዳር ላይ በአይሱዙ ጭነን በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በወልድያ አድርገን፣ ሚሌን አልፈን በጋላፊ ወጣን። የአፋርን ፀሐይ ጀልባዎቹ አፋቸውን ከፍተው ጠጧት። ለኪዋ ጸጉሯ የሸበተ ፈረንሳዊት ናት። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። 33.8 አለ።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ተከራከርኩ። አማርኛ የሚችል የወደብ ሠራተኛ እያስተረጎምኩ ነው። «የእኛ ሚዛን 36 ነው ያለው» አልኩ። ሴትዮዋ አልመለሰችልኝም። ጎንበስ ብላ በባትሪ መቀመጫው ሥር አየች። ሁለቱን የብሎን ቀዳዳዎች በጣቷ ነካችና «እዚህ ምን ነበር?» አለች።

የሆነው ይህ ነው። አሮጌ ፋይበርግላስ ስንጥቅ ካለው ውሃ ይጠጣል። ክረምቱን ስትጠጣ የከረመችውን ሁለት ኪሎ ከምናምን ውሃ በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ፣ በመጨረሻም በመንገዱ አተነነችው። እርሳሶቹ ደግሞ መጀመሪያ ስትለካ ከ35 ስላነሰች ማሟያ የታሰሩ ናቸው። ክብደታቸው ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ያለ ለኪ ማንም አይነካቸውም። ባልነካቸው ኖሮ 35.3 ትመጣ ነበር። ልክክ! ደብተሩን አግኝቼ ባነበው ብሎኑን አልፈታም ነበር። ሊብሬ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ እርሳስ ፍለጋ ጅቡቲን ዞርኩ። ጠላቂዎች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁትን እርሳስ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። ሁለት ገዝቼ አንዱን በመጋዝ ቆረጥኩ። ከታክሲውና ከብሎኑ ጋር የአንድ ወር የሱቅ ኪራዬን በላኝ። ለኪዋ መዝና፣ አሳስራ፣ ወረቀት ላይ ጽፋ ፈረመች። ከፍተሻው እስክንወጣ ግን የመጀመሪያው ቀን ውድድር አለቀ። ልጁ ላይፍ ጃኬቱን እንደለበሰ ዳር ተቀምጦ ሲያይ ዋለ። ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

(በማግስቱ ከ19 ጀልባ 5ኛ ወጣ። ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም እናገራለሁ።)

እና ምን አድርግ? ጀልባዎቹን ዛሬ ከደጅ አንሳ። ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ። ከሳምንት በኋላ መዝናት፤ ከሌላ ሳምንት በኋላ ድገም። ቁጥሩ ከቀነሰ ገና እየደረቀች ነው። የእህል ሚዛን ለግምት ይሆናል እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። ቀድመህ ሙሉ የ25 ሊትር ጀሪካን ሰቅለህ ፈትነው፤ ውሃው ብቻውን 25 ኪሎ ነው፣ የባዶውን ጀሪካን ክብደት ጨምርበት። እኛ የተጠቀምንበት ሚዛን በኋላ ሲፈተን ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

3. የአየር ከረጢቶቹ። ሦስት ናቸው፤ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም የሚያደርጓት እነሱ ናቸው። እዚህ ነፍተህ ለሁለት ቀን ተዋቸው። የሚያፈስ ካለ ይታወቃል። አሁን የሚያስቀኝን ልንገርህ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ከበሮ እስኪሆን የነፋነው ከረጢት ጅቡቲ ስንደርስ ሟሽሿል። ቀዳዳ መስሎን ሌሊቱን በሳሙና አረፋ ስንፈልግ አደርን። ምንም ቀዳዳ የለም! ታች ያለው አየር ከበድ ስላለ ጨምቆት ነው። እዚያ ስትደርስ ጨምረህ ንፋ። ስትመለስ ደግሞ ከመነሳትህ በፊት አስተንፍስ፤ አለዚያ አቀበቱን ስትወጣ ይወጠርና ስፌቱን ይበጥሰዋል።

4. ገመድ። ከፊት የምትታሰረው መጎተቻ አንድ ወጥ ሆና ቢያንስ 8 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሚሊ ውፍረት ይኖራታል፤ ውሃ ላይም መንሳፈፍ አለባት። ገበያ ውስጥ በክንድ ለክተው ሲሸጡልህ አትመን፤ የእኔ 8 ሜትር ቤት ስትለካ 7.60 ሆናለች። ናይለን አትግዛ፣ ይሰጥማል። ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ጣለው፤ ከተንሳፈፈ ውሰድ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ሲወድቅ አየሁ መሰለህ።

5. ሸራው ከምሰሶው ጋር የሚታሰርባቸው ትንንሽ ገመዶች። በሸራውና በምሰሶው መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሚሊ መብለጥ የለበትም። በማስመሪያ አትሠቃይ። ከጋራዥ የ10 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ተዋስና ክፍተቶቹ ውስጥ እየከተትክ ፈትሽ። ፑንታዋ ገብታ ከተንጓለለች ገመዱን አጥብቅ። ምሰሶው ጫፍ አካባቢ ደግሞ ሁለት ቀለበት የሚመስሉ ቀለሞች አሉ። ሸራው ጠርዝ ላይ ያለው ምልክት ከሁለቱ መሃል መውጣት የለበትም። ይህን ቤት ውስጥ አስተካክለህ አትርሳው፤ ገመድ ሲውል ሲያድር ይለቃል። ልጁ ራሱ ጠዋት ጠዋት ማየት ይልመድ።

6. ላይፍ ጃኬት ከነፊሽካው። ፊሽካው የታሰረ ይሁን፤ ኪስ ውስጥ ያለ አይቆጠርም። ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ መቅጃና መቅዘፊያም ጀልባዋ ላይ የታሰሩ መሆን አለባቸው። መቅጃው ቢያንስ አንድ ሊትር ይያዝ። ሱቅ አትሂድ፤ የዘይት ጀሪካን አፉን በሰያፍ ቁረጠው። ፈረንጆቹም ያንኑ ነው የሚያደርጉት፣ አትፈር። ምሰሶውም ጀልባዋ ስትገለበጥ ወልቆ እንዳይወድቅ መታሰር አለበት። ለመሞከር ጀልባዋን ሣር ላይ ገልብጣት።

ሰባትም ስምንትም ነበረኝ፤ ግን መሸ። አንዱን ብቻ ልጨምር። ፍተሻው ላይ ማኅተም ከተመታልህ በኋላ አለቀ ብለህ እንዳትዘናጋ። በሸራ ጀልባ ውድድር ሕግ ቁጥር 78 መሠረት ጀልባዋን ውድድሩ እስኪያልቅ በሕጉ ልክ መጠበቅ የባለቤቱና የኃላፊው ግዴታ ነው። ውሃው ላይ ወይም ስትወጡ ድጋሚ ሊያዩህ ይችላሉ። አንድ ልጅ ከማኅተሙ በኋላ የሸራውን ገመድ አላልቶ ሲገኝ አይቻለሁ። አባቱ «ተፈትሿል እኮ!» እያለ ይጮህ ነበር። ማንም አልሰማውም።

ለቢሮው ደግሞ በጠዋት ሂድ። የጀልባዎቹን ቁጥር፣ የሸራና የምሰሶ ብዛት የያዘ ዝርዝር በአማርኛ በሦስት ኮፒ ያዝ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ከአንድ ቦታ አጽፍ። ሸራውን ሸራ ብለው እንዲጽፉልህ ቆመህ እይ። ስንመለስ ኬላ ላይ «ድንኳኖቹ የታሉ?» ተብለን ሦስት ሸራ መንገድ ዳር ዘርግተን ስናስረዳ ግማሽ ቀን ሄዷል።

እርሳስ ታስሮ ካገኘህ አትንካው፤ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። የ10 ፑንታዋ እኔ ጋ አለች፤ ቅዳሜ ሱቅ ብቅ በልና ውሰዳት። የጋራዡ ልጅ እስከ ዛሬ ስለሚጠይቀኝ ግን ከጅቡቲ ስትመለስ መልስልኝ።