ለወጣት ባለሙያዎች፦ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ዘጌ ግቡ

ሥራ ከያዛችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ለሆናችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በመድኃኒት ባለሙያነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ በእግሬ መዞር አበዛለሁ፤ ቅዳሜያችሁን እንዴት እንደምታሳልፉትም አያለሁ። ሁለት ጓደኛሞች የካፌ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማኪያቶ ይመጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ አንገቱን ስልኩ ላይ ይደፋል። ሳምንቱን ሙሉ ስትባትሉ ስለምትሰነብቱ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ጓደኝነታችሁን አንዳንዴ ከካፌ አውጡትና ሰው በእጁ የሚሠራበት እርሻ ድረስ ውሰዱት።

ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይናገረውን፣ ጎን ለጎን ሆኖ እጁ ሥራ ሲይዝ ይናገረዋል። ይህን ያስተማረኝ የልብ ጓደኛዬ ነው። እሱ የፊዚክስ መምህር ነው። በየሳምንቱ እየተገናኘን የኑሮ ውድነቱን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የሰፈሩን ወሬ እናነሳለን፣ እንጥላለን። አንድ ኅዳር ላይ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ዘጌ ሄደን ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቀይ ቀዩን ቡና እየመረጥን ስንለቅም፣ ቀና ሳይል "ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቅቶኛል" አለኝ። ለወራት ከባለቤቱ እንኳ ደብቆት ኖሯል። በማግስቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን፤ የዓይን ሞራ ነበር፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዛሬ ያስተምራል። ያን ነገር ካፌ ውስጥ የሚነግረኝ አይመስለኝም።

ዘጌን የምመክራችሁ ለእኛ ቅርብ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪናም መንገድ አላት። ሞፈር ግን አይገባባትም። በአባቶች ትውፊት፣ አቡነ በትረ ማርያም መሬቷ እንዳትታረስ፣ ከብትም እንዳይረባባት አዘዋል ይባላል። ሰዉም ቃሉን ጠብቆ ስለኖረ፣ የሐይቁ ዳርቻ በሌላው በኩል ሲመነጠር የዘጌ ደን ቆመ። ቡናው ያለው ከዋንዛውና ከብሳናው ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትገቡበት እንኳ ይቀዘቅዛል። ጦጣዎቹ ከላይ ፍሬውን እየቀነጠሱ ሥጋውን ይመጥጣሉ፣ የውስጡን ፍሬ ይተፉታል። እናንተም አንድ ቀይ ፍሬ በጥርሳችሁ ፈልቅቁ፤ ቅርፊቱ ይጣፍጣል፣ ሁለቱ ፍሬዎች ደግሞ በሚያሙለጨልጭ ነገር ተሸፍነው ከጣት ያመልጣሉ። ቡና የምንለው ነገር መነሻው ይህ ነው።

ወይን የሚጠመቅበትን እርሻ ማየት የምትመኙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዝዋይ አለላችሁ፤ የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል እዚያ ወይን ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በእ.ኤ.አ. 2014 ለገበያ አውጥቷል። አጋጣሚ ስታገኙ እዩት። ለአንድ ቅዳሜ ግን ሩቅ ነው፤ የኛው መጠጥ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ዘጌ ከቡናው ሌላ በጌሾዋ ትታወቃለች፤ ጌሾ ያለበት ቤት ደግሞ ጠጅ የሚያውቅ ሰው አይጠፋበትም።

ጠጅ ሲጣል ማየት ለኔ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አያንስም። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጣል፤ ለ1 እጅ ማር 3ም 4ም እጅ ውሃ የሚያደርጉ አሉ፣ እንደ ማሩና እንደ ባለሙያዋ ነው። ሰፈፉ ተንሳፎ ሲወጣ ይገፈፋል፣ ጌሾው ይገባል። እርሾ ከውጭ የሚጨምር የለም፤ ከማሩና ከጌሾው ጋር የመጣው ረቂቅ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይረዋል። የጌሾው ምሬት የማሩን ጣፋጭነት ይገራል፤ መጠጡን የሚያበላሹ ተህዋስያንንም ያዳክማል። የሄድንበት ቤት እመቤት የጋኑን አፍ ከፍታ ጆሮዋን አስጠጋች፤ እኔም ተከትዬ አስጠጋሁ። ከሩቅ እንደሚሰማ ካፊያ ይንሿሿል። "ኧረ ጋሼ፣ ይኸ ገና እየፈላ ነው፤ ከደረሰው ልቅዳላችሁ" አለችኝ። ቴርሞሜትር የለ፣ መለኪያ የለ፤ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ቀኑን ታውቀዋለች።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ስትገቡ ጠይቁ እንጂ አታስተምሩ። የግብርና ምሩቅ ብትሆኑም እንኳ መጀመሪያ አድምጡ። የቡና ተክል ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጅበታል፤ አበባው ቀይ ፍሬ እስኪሆን ደግሞ ከ7 እስከ 9 ወር። ከዚያ ለቀማው፣ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ማገላበጡ፣ ቅርፊቱን መፈልፈሉ አለ። ይህን እያያችሁ አንድ ኪሎ ላይ ሃያ ብር ለማስቀነስ መከራከር ያሳዝነኛል። የተጠየቃችሁትን ክፈሉ፤ ገጠር ውስጥ መልስ ስለሚቸግር ዝርዝር ብር ያዙ።

ጥቂት ነገር ልጨምር። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ጀልባው ይንገላታል። እሁድ ከሆነ ቅዳሴ ሳይወጣ የሰው ደጅ አትድረሱ። ሴቶች ልጆቼ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትገባላችሁ፣ የግድግዳውን ሥዕል ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ ክብራን ገብርኤል ደሴት ግን ሴት አይገባም፣ ባለጀልባው እዚያ ልውሰዳችሁ ቢል እወቁት።

ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ። አቦል ላይ ተነስቶ የሚሄድ እንግዳ ባለቤቷን ቅር ያሰኛል፤ ደግሞ ጓደኛችሁ ሊነግራችሁ ያሰበውን የሚጀምረው ቶና ላይ ሊሆን ይችላል።

ጠጁን በተመለከተ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። ብርሌ ትንሽ ናት ተብላ አትናቅም፤ ጠጅ የጠጣ ሰው ሞተር ሳይክል አይያዝ። ለአሜባም ሆነ ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል እየወሰደ ያለ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይንካው፤ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላም 3 ቀን ይቆይ። ያልፈላ ብርዝ ካለ ጠይቁ። ብርዙን የሚጠጣው ጓደኛችሁ ከሆነም ብቻውን አታስቀሩት፤ ለእናንተም ብርዝ ይቀዳላችሁ።