የቴለር ስልጠናው ቅርንጫፍ ላይ ለምን አይታይም ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር መልሼ ልለፍ ብል አላስቻለኝም። ላላዩት ልድገመው፣ ባንክ ውስጥ ከቅርንጫፍ ወደ ስልጠና ክፍል ተዛውረሽ ለአዲስ ቴለሮች (ካውንተር ላይ ብር ለሚቀበሉና ለሚከፍሉ ሰራተኞች) የ5 ቀን ስልጠና እንድትሰጪ ተመድበሻል፣ ከበፊቱ አሰልጣኝ የተረከብሽው ስላይድ 140 ገጽ ነው፣ ሰልጣኞቹ መጨረሻ ላይ በሚሞሉት ፎርም ሁሉም "በጣም ጥሩ" ይላሉ፣ ወር ሳይሞላ ግን የቅርንጫፍ ማናጀሮች እየደወሉ "ምን ብላችሁ ነው ያስተማራችኋቸው?" ይሉሻል። እና ስላይዱን እንዴት ላሳምረው ነው ያልሽው።

እኔ 6 አመት ካሽ ላይ ሰርቻለሁ፣ ከዛ 9 አመት አሰልጣኝ ነበርኩ፣ እና ካየሁት ተነስቼ የምልሽ ስላይዱን ለጊዜው ዝጊው ነው። የቴለር ስራ የእጅ የአይንና የአፍ ስራ ነው፣ እኛ ግን 5 ቀን ሙሉ አዳራሽ አስቀምጠን የምናሰለጥነው ጆሮውን ብቻ ነው። ልጁ ቅርንጫፍ ሄዶ ካውንተር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ደንበኛ ፊት እጁ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

እኔን የቀየረኝ ነገር መርካቶ አካባቢ አንድ ቅርንጫፍ ሄጄ 4 ቀን ከቴለሮች ጀርባ ወንበር ስቤ መቀመጤ ነው። እኔው ካሰለጠንኳቸው አንዷ ልጅ እዛ ነበረች፣ ገና ወሯ፣ ፈተናዬን 92 ያመጣች ጎበዝ ልጅ። አንድ ነጋዴ በፌስታል ሙሉ ብር አምጥቶ ፊቷ ዘረገፈው፣ መቁጠር ጀመረች፣ መሃል ላይ ሌላ ሰውዬ በጎን በኩል ወረቀት አሾልኮ "እህቴ ይቺን ብቻ" አላት፣ ቀና ብላ መለሰችለት፣ ከዛ እዚህ ጋ ነበርኩ ካለችው ቁጥር ቀጠለች። ቆጥራ ስትጨርስ ብሩን ሲስተም ላይ ሳታስገባ ከሌላው ካሽ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ማታ ሲዘጋ 4,000 ብር ጎደለ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቫውቸር በቫውቸር አብሬያት ሳገላብጥ አመሸሁ፣ አላገኘነውም። ከደሞዟ እንደሚቆረጥ ታውቃለች፣ ዝም ብላ ነው ቦርሳዋን አንስታ የወጣችው። እኔ እኮ ለዛች ልጅ ስለ ሾርቴጅ (የካሽ ጉድለት) 9 ስላይድ አስተምሬያታለሁ፣ ትርጉሙን፣ አይነቱን፣ መመሪያው ላይ ያለውን አንቀጽ፣ ሁሉንም በትክክል መልሳለች። ሰው እያናገራት እንዴት እንደምትቆጥር ግን አንድም ቀን አላስለመድኳትም። ይሄ እስካሁን ያመኛል።

በ4 ቀን ውስጥ ደብተሬ ላይ የያዝኩት ስህተት አብዛኛው ሶስት ነገር ነበር፣ ቆጠራ ሲቋረጥ ከመሃል መቀጠል፣ ያልተመዘገበ ብር ከተመዘገበው ጋር መቀላቀል፣ እና ገቢ ሲደረግ የአካውንቱን ስም ለደንበኛው ሳያነቡ ማስገባት (እኛ ሀገር ደግሞ ስም ሲመሳሰል ታውቂዋለሽ፣ አያት ስም ካላየሽ አለቀልሽ)። ስላይዳችን ውስጥ ግን ስለ ባንኩ ታሪክ፣ ራዕይና ተልዕኮ ብቻ 22 ገጽ ነበር፣ ስለነዚህ ሶስቱ አንድም የለም። ስለዚህ ምንም ከመንካትሽ በፊት ያሰለጠንሻቸው ልጆች ያሉበት ሁለት ሶስት ቅርንጫፍ ሂጂ፣ ማናጀሩን "ምን ይጎድላቸዋል" ብለሽ ብቻ አትጠይቂው፣ "ትንሽ ኮንፊደንስ ይጎድላቸዋል" ይልሻል፣ "ባለፈው ወር ምን ተሳሳቱ፣ አሳየኝ" በዪው።

እግረ መንገዴን ደግሞ ሁሉም ነገር በስልጠና አይፈታም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ የብር መቁጠሪያ ማሽኑ ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር፣ ቴለሮቹ በእጅ ነው የሚቆጥሩት፣ ሰልፉ በር ድረስ ነው፣ ኤችአር (የሰው ሀይል ክፍሉ) ግን "ፍጥነት ስለሚጎድላቸው የማነቃቂያ ስልጠና ይሰጣቸው" ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እነዛ ልጆች ስራውን ያውቁታል፣ መሳሪያው ነው የሌላቸው። ይሄን አይነት ነገር ስታገኚ ስልጠና መፍትሄ እንዳልሆነ ጽፈሽ መልሺ፣ ዝም ብለሽ ካሰለጠንሽ በኋላ ስልጠናው አልሰራም የሚባለው አንቺ ላይ ነው።

ከቅርንጫፍ ስትመለሺ የስልጠናውን አላማ እንደገና ጻፊው። የኛው "ሰልጣኞች ስለ ጥሬ ገንዘብ አያያዝ ግንዛቤ ያገኛሉ" ይል ነበር፣ ግንዛቤ ደግሞ በአይን አይታይ፣ ማን አገኘ ማን አላገኘ በምን ታውቂያለሽ? እኔ የቀየርኩት እንዲህ ብዬ ነው፣ "ሰልጣኙ የተቀላቀለ ኖት ተቀብሎ፣ ሌላ ሰው እያቋረጠው፣ ሳይሳሳት ይቆጥራል፣ ሲስተም ላይ ያስገባል፣ የአካውንቱን ሙሉ ስም ለደንበኛው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዛ ብሩን መሳቢያ ያስገባል"። እንደዚህ ስትጽፊው ምን ማለማመድ እንዳለብሽ ራሱ ይነግርሻል፣ ፈተናውም እዛው ተጻፈ ማለት ነው፣ ከ140ው ስላይድ ለዚህ የማይጠቅመውን አውጥተሽ ራሳችሁ አንብቡት ብለሽ በቴሌግራም ላኪላቸው።

አሰጣጡ ላይ እኔ የያዝኩት በጣም የቆየ ዘዴ ነው። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ልምድ ያላቸው ሰራተኞች ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ ፋብሪካዎቹን ምንም የማያውቁ አዳዲስ ሰዎች ሞሏቸው፣ እነሱን ቶሎ ለማሰልጠን በመንግስት ደረጃ አንድ ፕሮግራም ተዘረጋ፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ሄዶ እኛ ዛሬ ካይዘን (ስራን በትንሽ በትንሹ እያሻሻሉ መሄድ) ብለን ለምናውቀው ነገር አንዱ መሰረት የሆነው ይሄው ነው። አራት እርምጃ ነው ያለው፣ ሰውየውን አዘጋጂው፣ አሳዪው፣ አሰሪው፣ ተከታተዪው። መፈክራቸው ደግሞ ሰራተኛው ካልተማረ አሰልጣኙ አላስተማረም የሚል ነበር፣ እኔ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። እኛ ሀገር ሶስተኛውና አራተኛው እርምጃ ነው የሚዘለለው፣ አሰልጣኙ ያሳያል፣ "ገብቷችኋል?" ይላል፣ "አዎ" ይባላል፣ ሻይ ይወጣል።

ማሳየቱም ራሱ ወግ አለው። ብር አቆጣጠር ሳሳይ መጀመሪያ ምንም ሳልናገር በስራው ፍጥነት እሰራዋለሁ፣ ቀጥሎ ቀስ ብዬ እያንዳንዱን እርምጃ እየጠራሁ፣ ከዛ ሶስተኛ ጊዜ ለምን እንደዛ እንደሚደረግ እየነገርኩ። ከዛ እሱ ይሰራል፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ፣ ሁለተኛው ላይ ግን ምን እያደረገ እንደሆነና ለምን እንደሆነ እየነገረኝ። "ለምን" የሚለውን ካልመለሰ ገና ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሰልፍ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚዘለው ያቺኑ እርምጃ ነው።

ልምምዱን እንዴት እንደሰራሁት ልንገርሽ። ጠረጴዛዎቹን እንደ ካውንተር ደረደርናቸው፣ በብር ልክ የተቆረጠ ወረቀት በመቶ በመቶ አሰርን፣ አንዳንዱ እስር ላይ ሆን ብለን ሁለት ሶስት ቅጠል አጎደልን። በሶስት በሶስት ከፈልኳቸው፣ አንዱ ቴለር፣ አንዱ ደንበኛ፣ ሶስተኛው ስራው ማቋረጥ ብቻ ነው፣ ይጠይቃል፣ ይነጫነጫል፣ ስልክ ይደውላል። ህጉ ከተቋረጥክ እስሩን አስቀምጠህ ከአንድ ጀምር ነው። እና የመጀመሪያው ቀን ያስተዋልኩት ነገር፣ ልጆቹ ህጉን አጥተውት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው የሚይዛቸው። በእድሜ የሚበልጣቸው ሰው ሲያናግራቸው ቀና ብሎ አለመመለስ ነውር ይመስላቸዋል፣ እንደዛ ነው ያደግነውም። ስለዚህ አፋቸውንም ማለማመድ ነበረብኝ። "ጋሼ ይቅርታ፣ የሰው ብር እየቆጠርኩ ስለሆነ ልጨርስና አሁኑኑ አስተናግድዎታለሁ" የምትለዋን አረፍተ ነገር እያንዳንዳቸው ድምጻቸው ሳይንቀጠቀጥ እስኪሏት ድረስ ደጋግመን ተለማመድናት። ከዛ ስልጠና ቅርንጫፍ ድረስ ሳትረሳ የዘለቀችው ነገር እሷ ናት፣ ማናጀሮቹ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አስቸጋሪ ልምምድ ሁሌ ከምሳ በኋላ አድርጊው፣ ከምሳ በኋላ በስላይድ ማንንም እንቅልፍ ሳይወስደው አታቆዪም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ነባር ሰራተኞች። መስከረም 2013 ላይ ብር ሲቀየር አስታውሺ፣ 10፣ 50 እና 100 ተቀይረው 200 ብር አዲስ የመጣ ጊዜ። በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ቴለር ማሰልጠን ነበረብን፣ እና እኛ የኖቶቹን ፎቶ በፕሮጀክተር አጉልተን ምልክቶቹን እየቆጠርን እናስተምራለን። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የድሮ ዋና ገንዘብ ያዥ ነበሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ እጃቸውን አውጥተው "ልጄ፣ ቴለር ብር የሚያውቀው በጣቱ ነው፣ ስጣቸውና ይንኩት" አሉኝ። የተወሰነ ኖት አስፈቅደን አመጣን፣ እሳቸው ልጆቹን አይናችሁን ጨፍኑ አሏቸው፣ እውነተኛውን ከተራ ወረቀት ጋር እየቀላቀሉ ሰጧቸው፣ ጎላ ብሎ የታተመውን ቦታ በአውራ ጣታቸው እንዲፈልጉ አደረጉ፣ ከዛ ነው ወደ መብራት አንሱት፣ አዘንብሉት ያሏቸው። 40 ደቂቃ አልፈጀም። የኔ ስላይድ ግማሽ ቀን ነበር። ከዛ ወዲህ አንጋፋ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ቀድሜ ቤታቸው ወይም ቢሮአቸው እደውላለሁ፣ "ጋሼ ይቺን ክፍል እርስዎ ቢያሳዩልኝ" እላለሁ። አንቺም በእድሜ ልጅ ከሆንሽ ይሄ በጣም ይረዳሻል፣ አንቱ ያልሽው ሰው ሲያግዝሽ ክፍሉ በሙሉ ይሰማሻል።

"ገብቷችኋል?" የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ጨርሰሽ ተዪው፣ እኛ ሀገር መልሱ አንድ ነው። በሱ ፋንታ ጠዋት ጠዋት ደብተር አዘግቺና የትናንቱን ከጭንቅላታቸው እንዲጽፉ አድርጊ፣ ስም አይጻፍበት፣ ማርክም የለውም፣ ሰብስበሽ ስታነቢው ምን እንዳልገባ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ለነሱም ራሱ ማስታወሱ ነው የሚያስቀርላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ሞክረውታል፣ አንዱ ጽሁፉን ደጋግሞ ያነባል፣ ሌላው አንብቦ ከጭንቅላቱ ለማውጣት ይሞክራል፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ከጭንቅላታቸው ለማውጣት የሞከሩት በለጡ። የኛ ስልጠና ፈተና በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ሁሉም 90 ያመጣል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ማንም አይፈትናቸውም።

ቋንቋውንም እይው። የኛ ስላይድ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ፣ ፈተናው ደግሞ እንግሊዝኛ ነበር፣ ደንበኛው ግን ቴለሯን በእንግሊዝኛ አያናግራትም። የስራ ቃሎቹን (ካሽ፣ ዴቢት፣ ክሬዲት፣ ባላንስ) እንዳሉ ተያቸው፣ ሌላውን ግን ልጆቹ ካውንተር ላይ በሚያወሩበት ቋንቋ አድርጊው፣ ኦሮሚያ ቅርንጫፍ የሚመደቡት ሮል ፕሌዩን (ያንን የቴለርና የደንበኛ ልምምድ) በኦሮምኛ ይስሩት።

አሁን ወደ "በጣም ጥሩ" ፎርምሽ። ከርክፓትሪክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 የስልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር፣ ወደዱት ወይ፣ ተማሩት ወይ፣ ስራቸው ላይ አዋሉት ወይ፣ ለድርጅቱ ምን ለወጠ። ያንቺ ፎርም የሚነግርሽ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ምሳው ጥሩ ከነበረ አበሉም በጊዜው ከተከፈለ "በጣም ጥሩ" ነው። ሶስተኛውን ለማወቅ የግድ ቅርንጫፍ መድረስ አለብሽ። እኔ ያደረግኩት ከስልጠናው በፊት ለማናጀሮቹ አንድ ገጽ ቼክሊስት መላክ ነው፣ 7 ነገር ብቻ፣ "ሲቋረጥ ከአንድ ይጀምራል? ስም አንብቦ ያስገባል?" አይነት፣ አንደኛው ሳምንት ላይና ወሩ ሲሞላ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ይሞሉታል። ሁሉም አይሞላም፣ ከማይሞሉት ጋር በስልክ ነው የጨረስኩት። ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ከመከፈቱ በፊት አንድ ኬስ እለጥፍ ነበር፣ "ደንበኛው ደረሰኝ ይዞ ሄዶ ተመልሶ 500 ጎድሎኛል አለ፣ ምን ታደርጋለህ?" እንደዚህ ያለ፣ እና እርስ በርስ ሲከራከሩ ከኔ የበለጠ ይማማራሉ።

5ቱን ቀን በአንድ ጊዜ አትጨርሺው ካሉሽ ደስ ይበልሽ፣ ካላሉሽ አንቺ ጠይቂ። 3 ቀን መጀመሪያ፣ ከዛ 3 ሳምንት ቅርንጫፍ ሰርተው የቀረውን 2 ቀን፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉም የራሱን ስህተት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጥያቄ አያልቅም። የኔ አለቃ የትራንስፖርትና የአበል ወጪ ይጨምራል ብሎ እምቢ አለኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን ብቻ ይዘን እንሞክረው አልኩት፣ የነሱን የ3 ወር ሾርቴጅ ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ሳቀርብለት ነው ለክልሎቹም የፈቀደው። ቁጥሩን ከኦዲት ክፍል ቀድመሽ ጠይቂ፣ ስልጠናው ካለቀ በኋላ የበፊቱን ማግኘት ጭንቅ ነው።

ቀጣዩ ዙርሽ መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም። ሁለት ሳምንት ካለሽ በዚህ ሳምንት ቅርንጫፍ ግቢና ያየሽውን ስህተት እዚህ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን። እኔ ያቺን የ7 ነጥብ ቼክሊስትና የብር ቆጠራ ማሳያ ወረቀቴን ከድሮ ላፕቶፔ ፈልጌ እሁድ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ።