ቢሽኬክን ለማየት፣ አላ አርቻን ለመውጣት

በዚህ ዕትም ከአንባቢያን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ ኪርጊዝስታን ዋና ከተማ ስለ ቢሽኬክና ከደቡቧ ስለተዘረጉት ተራሮች የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ ልንመልሳቸው ወስነናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ ወራቱ ግን በእኛው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። በነሐሴ ወር ለሙያ ሥልጠና ወደ ቢሽኬክ እንድሄድ ተመርጫለሁ፤ ሥልጠናው ሲያበቃም ሁለት ቀን የራሴ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ እንጦጦን በእግሬ መውጣት የለመድኩ ብሆንም ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። ተራራውን ልድፈረው ወይስ ከተማውን አይቼ ልመለስ? (አንድ መምህር፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተራራውን ይድፈሩት፤ ከሁለቱ ቀናትም ሰማዩ ጥርት ያለበትን ለእርሱ ይስጡት። ቢሽኬክ ደስ የምትል ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ ያን ያህል መንገድ ተጉዞ ተራራዋን ከሩቅ ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ዋናውን ነገር ትቶ መጥቷል ብለን እናምናለን።

የሚሄዱበት ቦታ አላ አርቻ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። በ1976 የተከለለ ሲሆን ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ይገኛል። ቢሽኬክ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ የፓርኩ የእግር መንገዶች የሚጀምሩበት ከ2,100 ሜትር በላይ ያለው ሥፍራ ለነዋሪዎቿ ከባድ ከፍታ ነው። ለእርስዎ ግን ይህ ከመስቀል አደባባይም ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ብዙ ጎብኚዎች የሚሄዱበት የአክ ሳይ ፏፏቴ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ይህም ቢሆን ከእንጦጦ አናት አይበልጥም። ስለዚህ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ ያሳጥረኛል የሚለው ስጋት እስከ ፏፏቴው ድረስ ሊያስጨንቅዎት አይገባም።

ሊያስቡበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በእኛ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይም ገብስ ይዘራል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ጥቂት ሲራመድ እረኛ ወይም የቤት ጭስ ያገኛል። እዚያ ግን ቢሽኬክ ከምድር ወገብ በእጅጉ ወደ ሰሜን የራቀች በመሆኗ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ የሚገኘው በአመዛኙ ባዶ ድንጋይና በረዶ ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው ትልቁ ጫፍ፣ ሴሚዮኖቭ ቲያን ሻንስኪ የሚባለው፣ 4,895 ሜትር ሲሆን ከራስ ዳሸን ይበልጣል፤ ክረምት ከበጋም በግግር በረዶ እንደተሸፈነ ነው። በእንጦጦ የሠለጠነ እግርና ሳንባ ይዘው ቢሄዱም፣ በእንጦጦ የለመዱትን ልበ ሙሉነት ግን ከዚህ ይተውት።

በተለይ ውኃውን ይጠንቀቁ። የፓርኩ ወንዞች የሚፈሱት ከግግር በረዶ ስለሆነ የሚሞሉት በዝናብ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ በረዶውን እያቀለጠችው ከረፋድ በኋላ እየጨመሩ ይሄዳሉ። ጠዋት ድንጋይ ላይ እየዘለሉ የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት በኋላ ግራጫ ሆኖ ድንጋይ እያንከባለለ ሊጠብቅዎት ይችላል። ከድልድይ ውጭ በየትም አይሻገሩ። የነሐሴው ነጎድጓድም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነውና ከከተማው በማለዳ ተነሥተው እኩለ ቀን ሳያልፍ ፊትዎን ወደ ታች ቢመልሱ ይሻላል።

ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ዳገቱ ብርቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት የተሰነጠቀና መንገደኞች የተሰበረው ልብ ብለው የሚጠሩት ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ የአክ ሳይ ሸለቆ ፊት ለፊት ይከፈታል። በግራና በቀኝ ከመሬት ጋር ተጣብቆ የሚያድግ ጥድ ያያሉ፤ የእኛው ጥድ ዘመድ ቢሆንም ነፋሱና የበረዶው ክብደት ቀጥ ብሎ እንዲቆም አልፈቀዱለትም። ከፏፏቴው በላይ መንገዱ ከ3,300 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ራትሴክ መጠለያ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያለው የሚንሸራተት ኮረት የበዛበት ቁልቁል ሲመለሱ ጉልበት ይፈትናል። እዚያው ለማደር ካልተዘጋጁ ፏፏቴው ዘንድ ይብቃዎት እንላለን።

ለመጓጓዣ ደርሶ መልስ ኮንትራት ታክሲ መያዝ ነው የሚሻለው። ወደ ሸለቆው ሲዘልቁ የስልክ ኔትወርክ ስለማያስተማምን የመመለሻውን ሰዓትና ቦታ ከሾፌሩ ጋር አስቀድመው ይጨርሱ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከተማውን ይዩ። ሁሉም የሚጀምረው ከአላ ቱ አደባባይ ነው። በ1984 ተሠርቶ ለረጅም ጊዜ የሌኒን ሐውልት የቆመበት ቦታ ሲሆን፣ ሐውልቱ በ2003 ከታሪክ ሙዚየሙ ጀርባ ተዛውሯል፤ አሁን በአደባባዩ የቆመው የኪርጊዞች የጀግንነት ትርክት ባለቤት የሆነው ማናስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በዛፎች ጥላ ሥር ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን የኤርኪንዲክን ጎዳና ይያዙ። በየመንገዱ ዳር ከተራራው የመጣ ውኃ የሚሄድባቸው ቦዮች አሉ፤ ዛፎቹን የሚያጠጡትና የነሐሴን ሙቀት የሚያበርዱት እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ ክፍት በመሆናቸው ሲመሽ እግርዎን እያዩ ይራመዱ።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው አታ ቤይት እንዲሄዱ አጥብቀን እንመክራለን። በ1938 በስታሊን ዘመን የተረሸኑ 137 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የተማሩና ባለሥልጣን የነበሩ፣ በአንድ የጡብ መተኮሻ ምድጃ ውስጥ በስውር ተቀብረው ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆዩት እዚያ ነው። የሥፍራው ጠባቂ የነበረ ሰው ምስጢሩን ለልጁ ነግሯት ኖሮ፣ እርሷ ዘመኑ እስኪለወጥ ጠብቃ ተናገረች፤ በ1991ም መቃብሩ ተከፈተ። ከሟቾቹ አንዱ የታላቁ ደራሲ የቺንጊዝ አይትማቶቭ አባት ነበሩ። አባቱ ሲወሰዱ ሕፃን የነበረው ደራሲ የት እንደወደቁ ያወቀው ካረጀ በኋላ ነው፤ በ2008 ሲሞትም እዚያው አባቱ አጠገብ ተቀብሯል። በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታትን መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ አዲስ አበቤ በአታ ቤይት የሚሰማውን አስቀድመን ልንነግረው አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጄ ቢሽኬክ ትማራለች። ልጠይቃት የምሄደው በፍልሰታ ነው። አገሩ የሥጋና የወተት አገር ነው ሲባል ሰምቻለሁና ጾሜን እንዴት ልጹም? (አንዲት እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እናታችን፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ጾምዎን አያፈርሱም። የነሐሴ ገበያ ያግዝዎታል። በከተማው ምዕራብ በኩል ባለው በኦሽ ባዛር ቲማቲምና ዱባ መሰል ሐብሐብ፣ ዘቢብ፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ ለውዝና ዋልነት በየመደቡ ተከምሮ ያገኛሉ። በሸክላ ምድጃ የሚጋገረው ክብ ዳቦ ለጧትም ለማታም ይሆናል፤ አንዳንዱ ሊጥ በወተት ስለሚቦካ ግን ሲገዙ ይጠይቁ። ኮሪያውያን የሚሸጡትን በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ የካሮት ሰላጣም እንዳያልፉት። እነዚህ ሰዎች በ1937 ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ወደ መካከለኛው እስያ በግዳጅ የተጋዙት ኮሪያውያን ልጆች ሲሆኑ፣ በርበሬ ለለመደ አፍ ከከተማው ምግብ ሁሉ የሚቀርበው የእነርሱ ነው።

በምግብ ቤት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላግማን የሚባለውን ፓስታና ፕሎቭ የሚባለውን ሩዝ ያለ ሥጋ አምጡልኝ ቢሉ፣ ሥጋው ተለቅሞ መረቁና ስቡ እንዳለ ሊቀርብልዎት ይችላል። ከተማው ውስጥ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ስላሉ ፖስትኖዬ ብለው ቢጠይቁ ብዙዎች የጾም ምግብ ማለትዎ እንደሆነ ይረዱዎታል። እነርሱም ፍልሰታን የሚጾሙት ከነሐሴ 8 ጀምሮ ነው፤ ለጸሎትም የትንሣኤ ካቴድራላቸው ከከተማው መሐል አይርቅም።

በየመንገዱ ጥላ ዘርግተው ከበርሜል እየቀዱ መጠጥ የሚሸጡ ሴቶች ያያሉ። አንደኛው በርሜል ማክሲም ነው፤ ከተቆላ እህል የሚጠመቅና እንደ ቀሪቦ የሚጠጣ ሲሆን፣ ሲዘጋጅ ስብ ሊነካው ይችላል። ከጎኑ ያለው ቻላፕ ደግሞ እርጎ ነው። ሁለቱንም ለፍስክ ያቆዩአቸው። ከፍስክ በኋላም ቢሆን ኩሚስ የሚሉት የባዝራ ወተት፣ ቹቹክ የሚሉት ቋሊማም ከፈረስ ሥጋ የሚሠራ መሆኑን አውቀው ይወስኑ። ልጅዎ ወደ ተራራ ልውሰድሽ ብትልዎት ደግሞ ከዚህ ይዘው የሄዱት በሶና ቆሎ ከየትኛውም የሱቅ ብስኩት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነቱ ፍሩንዜ በምትባል የሶቪየት ከተማ ተምሯል። ቢሽኬክ ናት ይባላል፤ እውነት ነው? የኖረበትን ሰፈር ላገኘው እችላለሁ? (አንድ ወጣት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አዎን፣ ፍሩንዜ የዛሬዋ ቢሽኬክ ናት። ከተማዋ በ1885 የተወለደባትን የቀይ ጦር አዛዥ የሚካኤል ፍሩንዜን ስም ከ1926 ጀምሮ ይዛ ቆይታ በ1991 ለቅቃዋለች። የተወለደበት ቤት ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። የጎዳናዎቹ ስም በአብዛኛው ስለተቀየረ በአባትዎ ደብዳቤዎች ላይ ያለውን አድራሻ በዛሬ ካርታ ላይ ማግኘት ይቸግር ይሆናል፤ ለምሳሌ የሌኒን ጎዳና ቹይ፣ የዤርዢንስኪ ደግሞ ኤርኪንዲክ ሆኗል። ነገር ግን የከተማው ፕላን አልተነካም፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና እርስ በርስ በማዕዘን የሚገናኙ ናቸው። አድራሻውን በሩሲያኛ ፊደል እንደተጻፈ ይዘው ይሂዱና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ይጠይቁ፤ የድሮውን ስም ዛሬም አልተዉትም። አባትዎ በሕይወት ካሉ ከመሄድዎ በፊት የትምህርት ቤታቸውን፣ የመኝታ ቤታቸውንና አጠገቡ የነበረውን የትሮሊባስ ፌርማታ በወረቀት እንዲስሉልዎት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በጥር ወር ቲኬቱ ይረክሳል አሉኝ። በዚያ ወቅት መሄድና ኢሲክ ኩል ሐይቅን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? (አንድ አንባቢ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ በጥር ባይሄዱ እንመርጣለን። ብርዱ ከዜሮ በታች ከመውረዱ ሌላ፣ ቤቶች የሚሞቁት በአመዛኙ በድንጋይ ከሰል ሲሆን ከተማው በተራራው ግርጌ በመሆኑ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን እንደያዘ ይተኛል። አስም ያለበት ሰው ጨርሶ ባያስበው ይሻለዋል። ተራራው በረዶ ለብሶ እጅግ ያማረ ቢሆንም የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋ ያለ አገሬው መሪ የሚገባበት ጊዜ አይደለም።

ሐይቁ 1,607 ሜትር ላይ ያለ፣ 182 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና 668 ሜትር የሚጠልቅ ነው፤ ውኃው ጨው ቀመስ በመሆኑና በጥልቀቱ ምክንያት በጥር ብርድም አይጋገርም። ከቢሽኬክ እስከ ምዕራባዊው ጫፉ ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማለት ቀኑን በመኪና ውስጥ መፍጀት ነው፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደሩ። ቪዛው እጅዎ ሳይገባ ቲኬት አይግዙ፤ ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ዱባይ በሚያስኬደው በረራ ላይም በቂ የመቀየሪያ ሰዓት መኖሩን ያረጋግጡ። የዓመት ፈቃድዎ የሚፈቅድ ከሆነ መስከረምን ይምረጡ፤ ሙቀቱ ረግቦ ፍራፍሬው ገና ከገበያ አይጠፋም፤ ወንዞቹም ይጎድላሉ። በዚያን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ሌሊቱ መብረድ ስለሚጀምር ወፍራም ካፖርትና ጓንት ከሻንጣዎ አይጉደሉ።