ሂተር ሲበራ አመድ የሚመስል ቆዳ

«የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ እግሬ አመድ መስሎ ይሰነጠቃል፣ የልጄ ችፌ ተነሣበት፣ የበር እጀታ በነካሁ ቁጥር ይነዝረኛል። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ ላይ ሂዩሚዲፋየር (አየር ማርጠቢያ) አለ። የቡናው ከሰልና ዕጣን ይሆን?»

እኔ ፍንጭ አድርጌ የያዝኩት የበሩን እጀታ ነው። ዕጣን ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል፤ እጀታ ግን አያስነዝርም። ያ የደረቅ አየር ሥራ ነው፤ ሂዩሚዲፋየሩ ውሃ እየሰጠ አይመስለኝም። ከሰሉን ግን ዛሬውኑ ከቤት ያውጡ። የሚያፍነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ድርቀቱ ከየት መጣ? ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ አየር ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኩብ 5 ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚይዘው፤ 21 ዲግሪ ላይ ግን 18 ግራም። ውጭ 80 በመቶ እርጥበት ያለው ብርድ 4 ግራም ተሸክሞ በስንጥቁ ይገባል። ቤት ውስጥ ሲሞቅ ውሃው ያው 4 ነው፣ ዕቃው ግን ሰፋ፤ የስኒ ውሃ ጣሳ ውስጥ እንደመገልበጥ። እርጥበቱ 22 በመቶ ላይ ወረደ ማለት ነው። ሂተሩ ውሃውን አልበላውም! ቴርሞስታቱን 24 ሴልሺየስ ላይ ቢያደርጉት ደግሞ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። የጎደለውን አየሩ ከከንፈርዎና ከእግርዎ ይስበዋል።

መጀመሪያ ይለኩ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ስለሚዋሽ፣ የጠርሙስ ክዳን ሙሉ ጨው በጥቂት ጠብታ ውሃ ለውሰው (እንዳይሟሟ) ከመለኪያው ጋር ላስቲክ ውስጥ ለ8 ሰዓት ያሽጉ። 75 ማለት አለበት፤ 68 ካለ ሁልጊዜ 7 ይደምሩ።

የቤቱ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ከሆነ የፈርነሱን ብሬከር አጥፍተው ቤዝመንት ይውረዱ። በሂዩሚዲፋየሩ ጎን ባለው ክብ ቱቦ ላይ ያለችው እጀታ «ሰመር» ላይ ከሆነች ወደ «ዊንተር» ያዙሯት። ገጥመው የሄዱት ሰዎች ይህቺን አለመንካታቸው የተለመደ ነው። ክዳኑን ከፍተው በነጭ ቅርፊት የተሞላውን ፓድ (ውሃው የሚወርድበትን ወንፊት) ይለውጡ፤ በየክረምቱ አዲስ ያስፈልገዋል። ስም የሌለው ርካሽ ፓድ ዳሩ ከሳሳ አየሩ በጎኑ ያመልጣል። ውሃ የሚያወርደውን ቀዳዳም ያጽዱ።

ብሬከሩን መልሰው ሂተሩን ያብሩና የእርጥበት መቆጣጠሪያውን ከፍ ያድርጉ። ውሃውን የሚከፍተው ቫልቭ «ቀጭ» ብሎ በፍሳሽ ቱቦው ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ካልሆነ የቫልቩን ሽቦዎች ይለኩ። 24 ቮልት እያለ ውሃ ከሌለ ወይ ቫልቩ ተጣብቋል፣ ወይ ቱቦውን በመርፌ የሚበሳው ርካሽ መክፈቻ ደፍኗል። ያንን መክፈቻ ነቅለው በደህና ባለኳስ ቫልቭ ይተኩት፤ ጠግኖ የሚያተርፍ የለም።

35 በመቶ ላይ ያቁሙት። መስኮቱ ካላበው 5 ይቀንሱ። ከ50 ካለፈ ሻጋታና የአቧራ ተባይ ይራባል፣ ችፌውም ይብሳል። ሁለት ሳምንት 35 ላይ ቆይቶ ልጁ ካልተሻለው የቆዳ ሐኪም ያሳዩት።

ከመኝታ ክፍሎች ውጭ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይስቀሉ፣ ቡናውንም በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ። ከሰል ለማንደድ መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም።