«ሕያው ነፍስ ሆነ» ወይስ «ሕያው ነፍስ ያለው ሆነ»?

ጥያቄ፦ ዘፍጥረት 2፥7 «ሰውም ሕያው ነፍስ ያለው ሆነ» ይላል። አንድ መምህር ግን የዕብራይስጡ ቃል ትርጉም «ሕይወት» ብቻ ስለ ሆነ «ነፍስ» በዚያ ቢተካ ይሻላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነውን? ነፍስና መንፈስስ በዕብራይስጥ አንድ ቃል ናቸውን?

መልስ፦ የጠቀሱት ንባብ በ1954 ዓ.ም. ከታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው። በዕብራይስጡ «ያለው» የሚል ቃል የለም፤ ንባቡ በቀጥታ ሲመለስ «ሰውም ሕያው ነፍስ ሆነ» ነው። «ያለው» ሲገባ ነፍስ የሰው ገንዘብ ትሆናለች፤ ሲወጣ ግን ሰውዬው ራሱ፣ ከነሥጋው ከነትንፋሹ፣ ነፍስ ይባላል። ይኸው ትርጉም 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥45 ላይ ሲደርስ ያንኑ ቃል «አዳም ሕያው ነፍስ ሆነ» ብሎ ያለ «ያለው» ጽፎታል፤ እኔም ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የዕብራይስጡ ቃል «ኔፌሽ» ነው። ከእኛ «ነፍስ» ጋር ያለው ዝምድና የሥጋ ዝምድና እንጂ የብድር አይደለም፤ ሺን የተባለው የዕብራይስጥ ፊደል (ሽ) በግእዝ ንጉሡ ሠ ሳይሆን እሳቱ ሰ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ሕግ ነውና፦ ሼም ስም፣ ሻማይም ሰማይ፣ ኔፌሽ ነፍስ። «ነፍሥ» እያሉ በሠ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነበር። የዐረብኛው «ነፍስ» እና የጥንቱ የባቢሎንና የአሦር ቋንቋ የአካድኛው «ናፒሽቱ»ም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ዕብራይስጥ በሦስት ሥሮች የሚለየውን አማርኛ ከግእዝ በወረሰው በአንድ ሥር ይገልጸዋል። ኔፌሽ ነፍስ ነው፤ ሩዋሕ መንፈስም ነፋስም ነው፤ በዚሁ በዘፍጥረት 2፥7 በአፍንጫ እፍ የተባለው ነሻማ ደግሞ እስትንፋስ ነው። ነፍስ፣ መንፈስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ ትንፋሽ ሁሉም ከ«ነፈሰ» የወጡ ናቸው። (የ«ትንፋሽ» ሸ አማርኛ ራሱ ያወጣው ድምፅ ስለ ሆነ ከሺን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።) ስለዚህ ነፍስና መንፈስ ለእኛ እኅትማማች ቢሆኑም በዕብራይስጥ ባዕድ ለባዕድ ናቸው።

ኔፌሽን ወደ «ሕይወት» ብቻ የሚያጠብቡት ሰዎች ግን ቃሉ የሚውልባቸውን ስፍራዎች በሙሉ ያዩ አይመስለኝም። ለሕይወት ዕብራይስጥ «ሐዪም» የሚል ሌላ ቃል አለው። በመዝሙረ ዳዊት፣ በዕብራይስጡ ቍጥር 69፥2፣ በእኛ 68 ላይ፣ ውኃ እስከ ኔፌሽ ደረሰ ሲባል ጕሮሮን ወይም አንገትን ማለቱ ነው፤ በኢሳይያስ 5፥14 ሲኦል ኔፌሽዋን ማስፋቷም እንዲሁ ጕሮሮዋን መክፈቷ ነው። ዘኍልቍ 6፥6 ናዝራዊው፣ ማለትም በስእለት ለእግዚአብሔር የተለየው ሰው፣ እንዳይቀርበው የሚከለክለው በድን በቃሉ «የሞተ ኔፌሽ» ይባላል። «የሞተ ሕይወት» ብለው ሊተረጕሙት ነውን?

ይልቁንም ይህን ስፋት የሚችለው የራሳችን «ነፍስ» ነው። ነፍሰ ጡር የምትሸከመው ሰው ነው፤ ነፍስ ወከፍ ስንል የምንቈጥረው ሰው ነው፤ ነፍሰ ገዳይ የሚያጠፋው ሕይወትን ነው፤ ነፍስ ያወቀ ልጅ ያወቀው ራሱንና አካባቢውን ነው። ከሥጋ የምትለየውን ነፍስም ስንናገር የምንጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው፤ የእርሷ ነገር ግን የነገረ መለኮት ሊቃውንት ድርሻ ስለ ሆነ አልገባበትም።

ስለ «ያለው» አንድ ነገር ሳልወድ መቀበል አለብኝ። በዘፍጥረት 1፥20 እና 24 እንስሳቱም ጭምር ሕያው ኔፌሽ ተብለዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ዓሣን ወይም ላምን «ነፍስ ያለው ፍጥረት» እንጂ «ነፍስ» ብሎ አይጠራም። ስለዚህ የተርጓሚዎቹ «ያለው» ከሕዝቡ አነጋገር የመጣ ነው፤ ስሕተት ልለው አልችልም፣ ብቻ አልወደውም።

ስለ «መንፈስ»ም አንድ ነገር ልጨምር። «የትብብር መንፈስ»፣ «የስፖርት መንፈስ» የሚሉት የጋዜጣ ሐረጎች ከፈረንጅ አፍ የተቀዱ ናቸው እያልኩ ስሸሻቸው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ዘኍልቍ 14፥24 ካሌብን ከቀሩት ሰላዮች የሚለየው «ሌላ ሩዋሕ» ከእርሱ ጋር ስለ ነበረ ነው ይላል፤ ይህም ዝንባሌ፣ የልብ አቋም ማለት ነው። እንግዲህ አጠቃቀሙ በመጽሐፍም አለ፣ ሕዝቡም ለምዶታል። እኔ ግን አሁንም «የመተባበር ፍላጎት» ብዬ እጽፋለሁ።