ኮከቡ ፈዘዘ፣ ደበዘዘ ወይስ ከሰመ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ቤቴልጁስ ኮከብ ሳነብ አንዱ ጸሐፊ «ፈዘዘ»፣ ሌላው «ደበዘዘ»፣ ሦስተኛው «ከሰመ» ይላል። ልዩነት አላቸው? ኮከብስ «ክብደት ቀነሰ» ይባላል?

መልስ፦ በደንብ አላቸው እንጂ!

«ከሰመ»ን ቶሎ እናውጣው። የከሰመ ፍም አልቆለታል። ቤቴልጁስ ግን በ2019 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መጨለም ጀምሮ፣ በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ ከወትሮው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ደምቋል። ታዲያ የቱ ጋ ከሰመ?

ሁለቱ ቃላት ናቸው የሚያከራክሩት። «ፈዘዘ» የምንለው ብርሃን ሰጪው ራሱ ሲደክም ነው። ድንጋዩ ሊያልቅ የደረሰ ባትሪ ይፈዝዛል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም እንዲሁ፤ ድካሙ ከውስጥ ነው። «ደበዘዘ» ግን ብዙ ጊዜ ወደሚያየው ሰው ያደላል። ጉም የሸፈነው ተራራ ይደበዝዛል፤ ተራራው ግን ምንም አልሆነም። «ደበዘዘብኝ» ማለት የሚቀናን ለዚህ ነው። ያቺ «ብ» ችግሩ በተመልካቹ ላይ እንደደረሰ ትናገራለች። እኔ በጣም የምወዳት ፊደል ናት።

አሁን ወደ ኮከቡ። ቤቴልጁስ «ቀይ ልዕለ ግዙፍ» የሚባል፣ ከፀሐይ እጅግ የሚገዝፍ ቀይ ኮከብ ነው። ትኩስ ጋዝ እንደሚፈላ ውሃ ከሥሩ እየገነፈለ ይወጣል። በ400 ቀን ግድም አንድ ጊዜ እያበጠና እየተኮማተረ ሲደምቅና ሲፈዝዝም ይታያል። የ2019ኙ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕና ቺሊ በሚገኙት ትልልቅ ቴሌስኮፖች የተመለከቱት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ኮከቡ ብዙ ጋዝ ተፋ። የገጹ አንድ ክፍል ቀዘቀዘ። የተተፋውም ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆነና በእኛና በኮከቡ መካከል ገባ። ስለዚህ የቀዘቀዘው ገጽ ፈዘዘ፤ አቧራው የጋረደው ደግሞ ደበዘዘብን። ጸሐፊው ግሡን ሲመርጥ ምክንያቱንም አብሮ መምረጡ ነው።

«ክብደት ቀነሰ» ግን ይቅር። ክብደት የስበት ጉዳይ ነው፤ በፊዚክስ ቋንቋ ትክክለኛው ቃል «መጠነ ቁስ» ነው። በዚያ ላይ «ክብደት ቀነሰ» ሲባል ስፖርት የጀመረ ሰው ነው ትዝ የሚለን። እኔ «ጎደለ»ን እመርጣለሁ፤ ወንዝ ጎደለ እንደምንለው፣ ከነበረው ላይ ፈስሶ መሄዱን ያሳያል። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ቤቴልጁስ ጋዝና አቧራ ስለሚተፋ፣ በየዓመቱ የፀሐይን አንድ ሚሊዮንኛ ግድም የሚሆን መጠነ ቁስ ይጎድለዋል።»