ልጃችሁ ፈረስ ሲማር መኪና ውስጥ አትቀመጡ

እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣሁ 24 ዓመት ሆነኝ። ልጄ ሰባት ዓመት ሙሉ ፈረስ ተምራለች። በየቅዳሜው ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሚድልበርግ አቅጣጫ አመላልሻታለሁ። ያ አካባቢ የፈረስ አገር ነው፤ አጥሩም፣ ሜዳውም፣ ጋጣውም የተሠራው ለፈረስ ነው። ሰሞኑን አዲስ ወላጆች እየደወሉ "ልጄ ፈረስ መማር አማራት፣ ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። ለአንድ ለአንዱ ከምነግር እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። የሚያስከፋችሁ ነገር ይኖራል። ቢያስከፋም ልበለው።

1. ወረቀት

ልጁ ቢወድቅ አንጠየቅም የሚል ፎርም ያስፈርሟችኋል። አንብባችሁ ፈርሙ፣ የልጁ የጤና ኢንሹራንስ እንዳልተቋረጠ አረጋግጡ።

2. ሄልሜትና ጫማ

የብስክሌት ሄልሜት ለፈረስ አይሆንም። ውስጡ ኤኤስቲኤም ኤፍ 1163 (ASTM F1163) የሚል የፈረስ ሄልሜት ደረጃ ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ሰው የተጠቀመበትን አትግዙ፤ ባለቤቱ ወድቆበት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ልጁ ወድቆ ጭንቅላቱ መሬት ከመታ ደግሞ፣ ስንጥቅ ባይታይም ይቀየር። ጫማው ተረከዝ ያለው ይሁን። በስኒከር የሄደ ልጅ እግሩ እርካብ ውስጥ ሾልኮ ይገባና ሲወድቅ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ሌላው የሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም።

3. ፈረስ አትግዙ

አንድ ወንድማችን ልጁ አምስቴ እንኳ ሳትማር ፈረስ ገዛላት። የመግዣው ዋጋ እኮ ትንሹ ነው። ማደሪያው በየወሩ ይከፈላል። ሰኮና የሚያስተካክለው ሰው በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ይመጣል። ሐኪም አለ፣ ጥርስ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ፈረስ 25 እና 30 ዓመት የሚኖር ፍጥረት ነው። የልጅቷ ፍቅር ስምንት ወር ቆየ። ሰውየው በዚያ ገንዘብ አገር ቤት ላሉት እናቱ ስንት ነገር ያደርግላቸው ነበር። ነግሬዋለሁ፣ እሱም አምኗል።

በተከራየ ፈረስ መማር ይበቃል። ፖኒ ክለብ የሚባለው፣ እንግሊዝ ውስጥ በ1929፣ እዚህ አሜሪካ በ1954 የተቋቋመው ማኅበር፣ ከግልቢያው እኩል የፈረስ አያያዝ ያስተምራል። ፎር ኤች (4-H) የሚባለው የልጆችና የወጣቶች ፕሮግራምም በብዙ ቦታ የፈረስ ትምህርት አለው። የራሳቸው ፈረስ የሌላቸውን ልጆች የሚቀበሉ አሉና ባላችሁበት ካውንቲ ጠይቁ።

4. ፋንድያው

አንዲት እህታችን ልጇን ከአራት ሳምንት በኋላ አስወጣች። "ልጄ ፋንድያ እንድትዝቅ ነው እንዴ የምከፍለው?" አለችኝ። አዎ እህቴ፣ ለእሱ ነው የምትከፍዪው! ኮርቻ ላይ ቁጭ ብሎ መዞርማ በየፌስቲቫሉ አለ።

አንድ ቀን ገብታችሁ እዩ። ልጅቷ በግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰማች ትቀርባለች፤ ፈረስ ልክ ከጭራው በስተኋላና ከአፍንጫው ፊት ለፊት ያለውን አያይም። ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠፈ ተቆጥቷልና ትቆማለች። ከዚያ እጇን ከትከሻው ጀምራ በእግሩ ላይ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ታወርዳለች። 450 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ክብደቱን ወደ ሌሎቹ እግሮቹ አዙሮ ሰኮናውን ያነሳላታል። በቆልማማ ብረት ጠጠሩንና ጭቃውን ከተረከዙ ወደ ፊት ትጠርጋለች፤ መሀል ያለውን ለስላሳ ቦታ ሳትወጋ። አንዱ እግር ሲያልቅ ሌላው፣ አራቱም። ቀጥሎ ጀርባውን ትቦርሻለች፤ ኮርቻው ሥር አንድ ጠጠር ከቀረ ያቆስለዋልና። ፈረሱ ላይ ከመውጣቷ በፊት ከሆዱ ሥር ያለውን ጠፍር እንደገና ትፈትሻለች፤ ፈረሱ ሲጭኑት ሆዱን ነፍቶ ሊሆን ይችላል።

ልጄ በ9 ዓመቷ ይህን ሁሉ ትሠራ ነበር። ቤት ውስጥ ሳህን እንኳ አታነሳም ነበር። ትዕግሥት የተማረችው እዚያ ጋጣ ውስጥ ነው፤ እኔ አላስተማርኳትም።

5. ቋንቋው

ሰባት ዓመት ሙሉ ያን አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ አሳልፌዋለሁ። ስልክ አወራለሁ፣ ዩቲዩብ ላይ የአገር ቤት ፖለቲካ አያለሁ፣ በብርዱ ወራት ሞተር አስነስቼ እተኛለሁ። ልጄ ግን ከአጥሩ ወዲያ ስንት ነገር ትማር ነበር። ሁሉንም በእንግሊዝኛ!

ኮርቻ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ እርካብ፣ ጋማ፣ ሰኮና፣ ጋጣ፣ ድርቆሽ። ሶምሶማ፣ ሽምጥ። እነዚህ ቃላት ከእኔ አፍ መውጣት ነበረባቸው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ያደግኩባቸው ናቸው። ቃል ደግሞ የሚያዘው ዕቃው እጅ ላይ ሳለ ነው። ልጓሙን እንደያዘች "ልጓም" ብላት ኖሮ እስከ ዛሬ አትረሳውም ነበር። እኛ እሁድ እሁድ ሀ ሁ እንድትቆጥር ቤተ ክርስቲያን እንወስዳታለን፤ በጣም ስለምትወደው ነገር የምታወራበት አንድ የአማርኛ ቃል ግን አልሰጠናትም። ከዚያ ልጆቻችን አማርኛ አይወዱም ብለን እናማርራለን። በምኑ ይውደዱት?

አባቴ ዕድሜያቸውን የኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እዚያ ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም በፈረስ ነው። ወጣት ሳሉ ለጥምቀት ጉግስ ይጫወቱ ነበር። የልጅ ልጃቸው አሜሪካ ፈረስ ትማራለች ሲባሉ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ። ስደውል ስለ ሥራዬ መጠየቅ ተዉ። "ፈረሷ ዳማ ናት ቦራ?" ይሉኛል፤ መልኳን መጠየቃቸው ነው። "ልጅቷን አቅርብልኝ" ይላሉ። ልጄ ስልኩን ትይዝና "ሃይ አባባ፣ ደህና ነኝ" ብላ ትመልስልኛለች። ፈረስ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚገናኙበት ቃል ግን የለም። ቃሉ ያለው መሀል ላይ እኔ ጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ይዣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ጋጣው እየሄድን ደወሉ። የፈረሷን ስም ጠየቁኝ። "ኩኪ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "እሱማ ስም አይሆንም። ለፈረሷም ለልጅቷም የፈረስ ስም እኔ አወጣለሁ፣ ስጣት ላናግራት" አሉ። የፈረስ ስም ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው። እኔ ግን "አባዬ፣ እየነዳሁ ነው፣ ሌላ ቀን" አልኳቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አረፉ።

ስለዚህ ከመኪናው ውረዱ። አጥሩ ጋ ቁሙ። ስትቦርሽ አጠገቧ ሆናችሁ ስሙን ስሙን ንገሯት። አያት ካሏት ከጋጣው ውስጥ በቪዲዮ ደውሉ፤ እዚህ በሀበሻ አቆጣጠር ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ 11 ወይም 12 ሰዓት ማታ ነው፣ ሽማግሌዎች እቤት ገብተዋል። ፈረሱን አሳይዋቸው፣ እሳቸው ይጠይቁ፣ ልጁ ይመልስ፤ ሲጠፋው ብቻ አግዙት። አገሩ ሰላም ሆኖ መሄድ ከቻላችሁ ደግሞ ጥር 23ን አስቡ፤ እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ክረምት ላይ ሄዳችሁ አትፈልጉት።

ልጄ አሁን 17 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከጋጣው ስንመለስ ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "አባባ ምን የሚል ስም ያወጡልኝ ነበር?" አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ። እቤት እስክንደርስ አልመለስኩላትም።